የተሰፉ ኪሶች

ድንቡሼ ብስኩቱን ገና ከመግመጡ የሒሳብ መምህሩ በሩን ከፍተው ገቡ። ልጁ በድንጋጤ የቀረውን ብስኩት ሱሪው ኪስ ውስጥ ሊከት እጁን ሰደደ። እጁ አልገባ አለ። እንደገና ሞከረ። አሁንም አልገባም። በግራ በኩል ሞከረ፤ እሱም ያው ነው።

«ምን እየፈለግህ ነው አንተ?» አሉ መምህሩ።

«ቲቸር፣ ኪሴ...» አፉ ሙሉ ስለሆነ ፍርፋሪው ደብተሩ ላይ ተበተነ። «ኪሴ የለም!»

«የት ሄደ?»

«እኔ ምን አውቄ! አዲስ ነው፣ ትናንት ነው የሰጡኝ።»

ክፍሉ በሳቅ አበደ። ከዚያ ግን ሳቁ ቀስ በቀስ ወደ ጉድ ተለወጠ፤ አዲስ ዩኒፎርም የለበሰ ሁሉ የየራሱን ኪስ መዳበስ ጀመረ። ሱሪ የለበሰውም፣ ጉርድ የለበሰችውም እጃቸው ከላይ ቀረ። ኪሱ አለ፤ ከንፈሩ ግን ተሰፍቷል። የአንድ ሰው ቢሆን ስህተት ይባላል። ይሄ የሁሉም ነው።

በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው ልጅ ብቻ ኪሷን አልነካችም። ብዙ ስለማትናገር ክፍሉ «ጭምቷ» ይላታል። ከጎኗ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ደግሞ «ሬዲዮ» ናት። ለምን ሬዲዮ እንደተባለች ማስረዳት አያስፈልግም፤ ማጥፊያዋ የት እንደሆነ ግን እስካሁን ያወቀ የለም።

ጭምቷ የሬዲዮን ጉርድ በዓይኗ ብቻ አየችው። ክሩ ከጨርቁ ጋር አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነው። ስፌቱ የመኪና አይደለም፤ የእጅ ነው፤ ደቃቅ፣ እኩል፣ ጥብቅ። ጫፉ ላይ ሦስት ጊዜ ተቋጥሯል። ክር ሦስት ጊዜ የምትቋጥር አንዲት ሴት ናት የምታውቀው። «አንዱ ለክሩ፣ አንዱ ለጨርቁ፣ አንዱ ለልብሱ ባለቤት» ትላለች ያቺ ሴት። 

«ስሙኝማ!» አለች ሬዲዮ ወንበሯ ላይ ተንበርክካ። «ይሄን የሰፋችው እብድ ናት! ጤነኛ ሰው ኪስ ሠርቶ መልሶ ይሰፋዋል? ንገሩኛ!»

«ሌባ ፈርታ ነው!» አለ አንዱ።

«ምን ሊሰርቁኝ? ብስኩቴን?» አለ ድንቡሼ።

ሁሉም ሳቁ። ጭምቷም ሳቀች። እንዲያውም ከሁሉም ጮክ ብላ ሳቀች። ካልሳቀች የሚያውቁባት መስሏት ነው እንጂ ሳቅ መጥቶባት አይደለም።

ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤቷ ሁለት አውቶቡስ ይያዛል። ሌላው ልጅ በዚህ ርቀት ያማርራል፤ ጭምቷ ግን ትወደዋለች። የሰፈሩ ወሬ ሁለት አውቶቡስ ተሳፍሮ አይመጣም። ሬዲዮ «ቤታችሁ ለምን አትጠሪኝም?» ብላ ስታስቸግራት፣ «እናቴ ነርስ ናት፣ ሌሊት እየሠራች ቀን ትተኛለች» ብላት ነበር። መተኛቷ እንኳ እውነት ነው።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ የስፌት መኪናው ቆሟል። በኋለኛው እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተጋድማለች። የስፌት መኪናው ላይ ጨርቅ ተጥሎበታል፤ እንደዚያ ተሸፍኖ ሲታይ ጭምቷን ሁልጊዜ ይከፋታል።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የዩኒፎርሙን ሥራ ከትምህርት ቤቱ የሚቀበለው አንድ ነጋዴ ነው፤ ጨርቁ የሱ፣ መኪናውም የሱ። እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ያስረክባል። ትምህርት ቤቱ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው። «እጅዋ ወርቅ ነው» ይል ነበር ነጋዴው ለሰው ሁሉ፣ ወርቁ የማን እጅ እንደሆነ ግን አይናገርም።

እናቷ የአእምሮ ሕመም ካለባት ዓመታት አልፈዋል። ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር የሕመሙን ስም ነግራቸዋለች፤ ቤት ውስጥ ግን ማንም በስሙ አይጠራውም። «ያ ነገር» ነው የሚባለው። ያ ነገር ሲመጣ እናቷ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማለች፤ ድምፁም ሌት ተቀን «ተጠንቀቂ» ይላታል። ኪኒኑ ድምፁን ዝም ያሰኘዋል። ዝም ያሰኘውና እጇን ያንቀጠቅጠዋል። ለሌላ ሰው ትንሽ ችግር ሊሆን ይችላል፤ መርፌ ይዞ ለሚያድር ሰው ግን እግር እንደመቆረጥ ነው።

«እጅ የማያንቀጠቅጥ ሌላ ዓይነት አለ» ብላቸው ነበር ሲስተሯ፣ ዓይናቸውን ላለማየት መስኮቱን እያየች። «ለኛ ጤና ጣቢያ ግን አይላክም። በየጊዜው እንጠይቃለን። ትልቁ ሆስፒታል ነው የሚደርሰው።»

«እንግዲህ ድሀ ሲያመው ወይ ራሱን ወይ እጁን ይምረጥ ነዋ» አለች እናቷ። 

ታዲያ የዩኒፎርሙ ትልቅ ሥራ ሲመጣ እናቷ መረጠች። ለማንም ሳትነግር ኪኒኑን ተወችው። እጇ ቀጥ አለ። መኪናው ይጮሃል፣ እሷም ትዘፍናለች። ጭምቷ ያን ሰሞን ደስ ብሏት ነበር። እናቷ እንቅልፍ መተኛት መተዋን አይታለች፤ መብራት እያበራች ኪስ ኪሱን በእጅዋ ስትነካካም አይታለች። ግን ደስታ መጣ ብሎ ማን «ከየት መጣህ?» ይላል? ዩኒፎርሞቹን አጣጥፋ የቆለለቻቸው ራሷ ናት። አንዱንም ኪስ አልፈተሸችም።

ነጋዴው ጭኖ በሄደ በማግስቱ እናቷ መንገድ ላይ ወጥታ የሚያልፉ ልጆችን እያስቆመች ኪሳቸውን መፈተሽ ጀመረች። ሰው ተሰበሰበ። የሚስቅ ሳቀ፣ የሚሳደብ ተሳደበ፤ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። አክስቷ፣ የእናቷ ታላቅ እህት፣ ደርሳ ነው ከመሀላቸው አውጥታ ጤና ጣቢያ የወሰደቻት። አሁን መርፌም ተወግታ፣ ኪኒኑንም ጀምራ ከርማለች። ድምፁ ሄዷል። መንቀጥቀጡ ተመልሷል። ኀፍረት ደግሞ በትርፍ መጥቷል።

ጭምቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እማ።»

«ወዬ።»

«ኪሶቹ...»

 እናቷ ፊቷን ሳታዞር፣ «ለልጆቹ ተሰጣቸው?» አለች።

«ትናንት።»

«የሁሉንም ነው የሰፋሁት?»

«የሁሉንም።»

«አንድ ነገር ሊከቱባቸው ነው አለኝ ያ ድምፅ» አለች እናቷ። ድምፅዋ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «ልጆቹ ሳያውቁ ኪሳቸው ውስጥ ይከቱባቸዋል፣ ከዚያ ‹ተገኘባችሁ› ብለው ይወስዷቸዋል አለኝ። አሁን ውሸት እንደነበር አውቃለሁ። ያኔ ግን ልጄ፣ ያኔ እንዴት አድርጌ ዝም ብዬ ልስጣቸው?»

ጭምቷ የእናቷን ትከሻ ነካች፤ ትከሻውም እንደ እጁ ይንቀጠቀጣል።

አመሻሹ ላይ በሩ ተደበደበ። ነጋዴው ነው። አክስቷም ዳቦ ይዛ እግሩን ተከትላ ደረሰች።

«ምን ሠራሽኝ አንቺ ሴትዮ?» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ምን አድርጌሽ ነው? ርዕሰ መምህሯ ጠርተው በሰው ፊት አዋረዱኝ! ዓርብ ሁሉንም ይመልሱብኛል። ከመለሱ ቅዳሜ መጥቼ መኪናዬን እወስዳለሁ። ሌላ ሰፊ እፈልጋለሁ።»

«ካልመለሱስ?» አለች ጭምቷ። ራሷም ደነገጠች፤ በትልቅ ሰው ነገር ገብታ አታውቅም።

ነጋዴው አያት። «ካልመለሱማ ይቆያል። ምን አጣላን? ግን ይመልሳሉ።» ወደ መጋረጃው፣ እናቷ ወዳለችበት፣ ቀና ብሎ አየና ድምፁን ቀነሰ። «ጤነኛ እንዳልሆነች ብትነግሩኝ ኖሮ መጀመሪያውንም አልሰጣትም ነበር።»

«እኮ ለዚህ ነዋ ያልነገርንህ» አለች አክስቷ።

እሱ ከወጣ በኋላ አክስቷ ጭምቷን ወደ ጥግ ጎተተቻት። «ስሚ። ትምህርት ቤት ትንፍሽ እንዳትይ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አንዴ ‹የእብድ ልጅ› ከተባልሽ አርጅተሽም አይለቅሽም። ማን ይቀጥርሻል? ማን ከልጁ ጋር ያስቀምጥሻል? የቤት ገመና ለቤት ነው።»

አክስቷ ክፉ አይደለችም። ለእህቷ ስትሮጥ ነው ጫማዋ ያለቀው። ጭምቷም ይህን ስለምታውቅ ራሷን ነቀነቀች።

መኪናው ከሄደ ግን ምን ይቀራል? እናቷን ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳት ኪኒኑ አይደለም፤ መኪናው ነው። ባመማት ጊዜ ሁሉ የተመለሰችው ወደሱ ነው፤ መጀመሪያ ቁልፍ ትተክላለች፣ ከዚያ ጠርዝ ትዘመዝማለች፣ ከዚያ አንድ ቀን እጇ ተንቀጥቅጦም ቢሆን ሙሉ ሸሚዝ ይወጣታል። መስኮቱ ሥር ባዶ ቦታ ካየች ወደ ምን ትመለሳለች? ጭምቷ ይህን እያሰበች እራቷን ሳትበላ ቀረች።

በማግስቱ ጠዋት ርዕሰ መምህሯ ሰልፍ ላይ ወጡ። ልጆች ኪሳቸውን በጥርስ፣ በምላጭ፣ በማስመሪያ ጫፍ ለመክፈት ሲታገሉ ስፌቱ አልበገር ብሎ ጨርቁ እየተቀደደ ነው። «ማንም እንዳይነካው!» አሉ ርዕሰ መምህሯ። «ዓርብ ተሰብስቦ ይመለሳል።»

ግቢው ሙሉ ቀን ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሰፊዋ ዓይነ ስውር ናት ያለ አለ፤ ባሏ ጥሏት ሄዶ በንዴት ነው ያለ አለ። የሬዲዮ ወሬ ግን ሁሉንም አስከነዳ። እብዷ በሰንሰለት ታስራ ነው የምትሰፋው አለች፤ እጇን እንደ አሞራ ጥፍር አጣጥፋ፣ ዓይኗን አፍጥጣ አሳየቻቸው። ልጆቹ ተንከተከቱ። ጭምቷ ዛሬ ልሳቅ ብላም ከንፈሯ እምቢ አላት። ቀለበት ሠርተው ከቆሙት ልጆች ወደኋላ ወጣች፤ መውጣቷን ያየ የለም።

ቤት ስትደርስ እናቷ ተነስታለች። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ጭምቷ ቤት ትታው የሄደችውን አዲስ ጉርድ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ መተርተሪያዋን ይዛለች። መተርተሪያ ማለት ጫፏ እንደ ሹካ የተከፈለች፣ መሀሏ ስለት ያላት ትንሽ ብረት ናት፤ ስፌት የምትፈታው እሷ ናት። እናቷ ጫፏን ከክሩ ሥር ለማስገባት ትሞክራለች፣ እጇ ይዘላል፣ ጫፏ ጨርቁ ላይ ያርፋል። ጨርቁ ትንሽ ተቀደደ።

«አየሽልኝ ይሄን እጅ?» አለች እናቷ። «የሰፋሁትን መፍታት እንኳ አቃተኝ።» እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ ለመጥረግም እጇን አላመነችውም።

ጭምቷ እንባውን በመዳፏ ጠረገችላትና መተርተሪያዋን ከእጇ ወሰደች።

«ከቋጠሮው አትጀምሪ» አለች እናቷ አፍንጫዋን እየሳበች። «ቋጠሮው አይሸነፍም። መሀል ላይ አንዱን ቁረጪ፣ ሁለት ዝለዪ፣ ሌላውን ቁረጪ። ከዚያ ክሩን ሳቢው፣ ራሱ ይመጣልሻል።»

እንዳለቻት አደረገች። ክሩ በእርግጥም ራሱ መጣ። የቀኙ ኪስ ምንም ሳይሆን ተከፈተ። የግራውን ነገ እፈታዋለሁ ብላ ተወችው፤ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ሄዷል።

«እማ፣ የልጆቹን እኔ ብፈታስ? እዚያው ትምህርት ቤት? ከተፈታ አይመልሱትም እኮ።»

እናቷ አየቻት። «አንቺ ምን ቤት ነሽ ሲሉሽስ?»

ጭምቷ የተሳበውን ክር በጣቷ ጠቀለለች።

«የኔ እናት» አለች እናቷ በቀስታ፣ «ለኔ ብለሽ ከሰው አትጉደዪ። መኪናው ይሂድ። ብረት ነው።»

ብረት ነው ስትል ግን ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሥር ሄዶ እዚያው ቀረ። ጭምቷ ያን አየች።

ጠዋት ስትወጣ መተርተሪያዋን በቀኝ ኪሷ ይዛ ወጣች። በመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ አደርገዋለሁ አለች። በሁለተኛው ላይ አላደርገውም አለች። የርዕሰ መምህሯ ቢሮ በር ላይ ስትደርስ ምን እንዳለች ራሷም አታውቅም፤ እጇ ግን አንኳኳ።

«ኪሶቹን እኔ መፍታት እችላለሁ» አለች። «ጨርቁ ሳይጎዳ።»

ርዕሰ መምህሯ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። ጭምቷ የተከፈተ ኪሷን አሳየቻቸው። ጨርቁን ቀርበው አዩት፤ መተርተሪያዋንም ተቀብለው በጣታቸው እያገላበጡ አደነቁ። «ጎበዝ! ማን አስተማረሽ?»

አክስቴ ማለት ትችል ነበር። አክስቴ ብትል በዚያው ያልፋል። አፏ ድረስ መጥቶላት ነበር።

«እናቴ» አለች። «እነዚህንም የሰፋችው እሷ ናት። የአእምሮ ሕመም አለባት፤ ያን ጊዜ አሟት ነበር። አሁን መድኃኒቷን ይዛለች።»

 ርዕሰ መምህሯ መተርተሪያዋን ከልጅቷ እጅ ራቅ አድርገው ጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ ላይ አስቀመጧት። አስበው ያደረጉት አይመስልም። ጭምቷ ግን ብረቷ የሄደችበትን አየች፤ ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ።

«ወላጅ ቢሰማ ምን ይለኛል?» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ተነፈሱ። «እስከ ዓርብ የተፈታው ይቀራል፣ ያልተፈታው ይመለሳል። በእረፍት ሰዓት ብቻ። ደረጃው ሥር፣ እኔ የማይሽ ቦታ።»

ጭምቷ መተርተሪያዋን ለመውሰድ ጠረጴዛውን መዞር ነበረባት።

በመጀመሪያው እረፍት ወንበር ይዛ ደረጃው ሥር ተቀመጠች። ሰልፍ ላይ ተነግሯል፤ ኪስ የሚያስፈታ ይምጣ ተብሏል። ቀድማ የመጣችው ሬዲዮ ናት። ግን ለማስፈታት አይደለም።

«አንቺ ምን ቤት ነሽ?» አለች እየሳቀች። «ደግሞ መቼ ነው ሰፊ የሆንሽው?»

«እናቴ ናት የሰፋችው።»

«አትፎግሪኝ! ነርስ ናት አላልሽኝም?»

«ዋሽቼሽ ነው።»

የሬዲዮ ሳቅ ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ። «እና እኔ... ያን ሁሉ ስል...» እጇን አጣጥፋ ያሳየችው ነገር ትዝ ብሏት ሳይሆን አይቀርም፣ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። «አንቺም እኮ ስቀሻል!»

«ስቄያለሁ።»

ሬዲዮ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከዚያ ዞራ ሄደች። ማጥፊያዋ ተገኘ ማለት ነው። ጭምቷን ግን አላስደሰታትም።

በምሳ ሰዓት ግቢው ሁሉ አውቋል። ጭምቷ ሬዲዮ እንደነዛችው አልተጠራጠረችም። ልጆች በደረጃው በኩል ማለፍ ሲገባቸው ዞረው በወዲያ በኩል ያልፋሉ። ከፎቅ ላይ አንዱ «ኪስህን ጠብቅ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው አጨበጨበ። «የእብዷ ልጅ» የሚለውንም ሰማችው። አክስቷ እንዳለችው ነው፤ ቃሉ መጥቶ ተቀመጠባት። መተርተሪያዋን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት መሬት አየች። ሆድ ባሳት። ሰው በሞላበት ግቢ ውስጥ ተቀምጣ እንዲህ ብቻዋን ሆና አታውቅም። ተነስቼ ልሂድ አለች፤ ከዚያ መስኮቱ ሥር የቆመው መኪና ትዝ አላትና ተቀመጠች።

«ኪስ የሚከፈተው እዚህ ነው?»

ቀና አለች። የፊት ጥርሶቿ የወለቁ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ናት። ጉርዷ እንድታድግበት ተብሎ ረጅም የተሰፋ ነው፤ ጠርዙን የዘመዘመችው የራሷ እናት እንደሆነች ጭምቷ አወቀች።

«እዚህ ነው። ቁሚልኝ፣ በጎንሽ ዙሪ።»

ልጅቷ ቆመች። ጭምቷ አንዱን ቆረጠች፣ ሁለት ዘለለች፣ ሌላውን ቆረጠች።

«ለምን ነው የሰፋችው?» አለች ትንሿ።

«መጥፎ ነገር እንዳይገባባችሁ ብላ።»

«ምን ዓይነት መጥፎ ነገር?»

«እኔም አላውቅም። የለም እኮ። አሟት ስለነበር ያለ መሰላት።»

«ጉንፋን?»

«ጉንፋን አይደለም። ሐሳቧን ነው ያመማት።»

ትንሿ ይህን አሰበችበት። ክሩ ተስቦ ወጣ፤ እጇን ወዲያው ኪሷ ውስጥ ከተተችና ጣቶቿን ውስጡ አንቀሳቀሰች። ደስ አላት።

«ለኛ ብላ ነው?» አለች።

«አዎ። ለእናንተ ብላ ነው።»

«እንግዲያው ይሄኛውን ተይልኝ።»

«የቱን?»

«ይሄኛውን። አንዱ ይበቃኛል።» የተሰፋውን ኪስ በመዳፏ መታ መታ አድርጋ እየሮጠች ሄደች።

ጭምቷ ክሩን በጣቷ እንደያዘች ቀረች።  የምታለቅሰው ከፍቷት ይሁን ደስ ብሏት አላወቀችም፤ ብቻ ፊቷን በእጅጌዋ ጠራረገች።

«ስሚ፣ አልቅሰሽ ስትጨርሺ» አለ አንድ ድምፅ። ድንቡሼ ነው፤ ወደ ጎን ዞሮ ሆዱን ስቦ ቆሟል። «ብስኩቴን በእጄ ይዤ መዞር ሰለቸኝ፣ ሁሉም ‹አካፍለኝ› ይላል። በናትሽ ፍቺልኝ።»

«በናቴ» አለችው፤ ሁለቱም ሳይፈልጉ ሳቁ።

ከሱ በኋላ ሌላ መጣ። ከዚያ ሌላ። የሚቀልዱም ነበሩ፣ ጨርሰው የማያናግሯትም ነበሩ፣ አንዲት ልጅ ደግሞ ጉርዷን እንዳትነካባት ፈርታ ትንፋሿን ይዛ ቆማ ነበር። ጭምቷ የሁሉንም ፈታች። ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ጣቷ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ርዕሰ መምህሯ መጥተው አንድ ሁለት ኪስ አዩ። «አልመልስም» አሉ በአጭሩ። ሊሄዱ ሲሉ ተመልሰው «በርቺ» አሉ። መኪናው ተረፈ። ጭምቷ ይህን ለእናቷ እስክትነግራት ድረስ ሁለቱ አውቶቡሶች እንዴት እንደሚረዝሙባት አሰበች።

ሬዲዮ የመጣችው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። በጎኗ ዞራ ቆመች። ጭምቷም መፍታት ጀመረች። ሁለቱን ቀን በክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አልተነጋገሩም ነበር።

«እኔ አይደለሁም የተናገርኩት» አለች ሬዲዮ በመጨረሻ፣ ግድግዳውን እያየች። «የርዕሰ መምህሯ ጸሐፊ ናት። በር ላይ ሰምታ። እኔ ለእናቴ እንኳ አልተናገርኩም። ዝምታው ሊገድለኝ ነበር።»

የጭምቷ እጅ ቆመ። «እኔ አንቺ መስለሽኝ...»

«አውቃለሁ።»

አንዱን ቆረጠች፣ ሁለት ዘለለች።

«ግን ሁሉም እኔን ነው የሚጠይቁኝ» አለች ሬዲዮ። «ሬዲዮ ነኝ መቼስ። ሰንሰለት አለ ወይ ይሉኛል። ያ ያልኩት...» ዋጠችው። «ምን ልበላቸው? ዝም ልበል? ዝም በይ ካልሽኝ ዝም እላለሁ። እችላለሁ፣ አየሽ አይደል?»

ዝም በይ ማለት ቀላል ነበር። አክስቷ ብትሆን ዝም በይ ትላለች። ጭምቷ የመጨረሻውን ክር ሳበች፤ ከነሦስት ቋጠሮው መዳፏ ላይ መጣ።

«ተናገሪ» አለች። «ግን በትክክል ተናገሪ። እብድ አትበይ። አሟታል በይ። ሰንሰለት የለም በይ። እጇን የሚያንቀጠቅጠው መድኃኒቱ ነው፤ የማያንቀጠቅጠው ለኛ ስለማይላክ ነው በይ።» ትንፋሽ ወሰደች፤ በሕይወቷ ይህን ያህል አንድ ጊዜ ተናግራ አታውቅም። «ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት በይ። ነርስ አይደለችም።»

«ልብስ ሰፊ ናት» አለች ሬዲዮ፣ ትምህርት እንደሚቀበል ሰው። ሁለቱን እጆቿን ኪሶቿ ውስጥ ከተተች። ሌላ ነገር ልትጨምር የፈለገች መሰለች፤ ደወሉ ተደወለ። ደረጃውን ሁለት ሦስት እርምጃ ከወጣች በኋላ ዘወር አለች።

«አንቺ፣ የግራ ኪስሽ አልተፈታም እኮ።»

ጭምቷ ወንበሩን አነሳች። መሬት የወደቁትን ሰማያዊ ክሮች ለቀመችና ከመተርተሪያዋ ጋር በቀኝ ኪሷ ከተተቻቸው።

«አውቃለሁ» አለች።